ሞስኮን ያዩ የቻይና ምሁራን፦ ከጎንደር ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

ስለ ሶሻሊዝም ታሪክ ጥያቄ እንዲልኩልን አንባቢዎችን ጋብዘን ነበር። ከጎንደርና ከአካባቢዋ የመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የቻይና ምሁራን ሶቪየት ኅብረትን እንዴት ያዩት ነበር? የተመሳሰሉትን አዋሕደን መልሰናል። «ዓ.ም.» ብለን ካልለየን በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሴሚናር ጽሑፌ ርዕስ «የቻይና ምሁራንና ሶቪየት ኅብረት፣ ከ1918 እስከ 1939» ነው። አማካሪዬ «ይሄ መጽሐፍ እንጂ ሴሚናር አይደለም» ብለው መለሱልኝ። ምኑን ልቁረጥ? ከየትስ ልጀምር? (የታሪክ ተማሪ፣ ከማራኪ ግቢ)

መልስ፦ እኅታችን፣ አማካሪሽ ልክ ናቸው። ርዕሱን ያሰፋው ግን የዓመቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሐሳብ ይዞ የቆየ «የቻይና ምሁር» የሚባል ወገን አልነበረም። ሰዎቹ ሞስኮን የሚመዝኑት በራሳቸው አገር ቁስል ነው፤ ቁስሉ ሲቀያየር ፍርዱም አብሮ ይገለበጣል። ስለዚህ በሰው ወይም በርዕዮተ ዓለም ሳይሆን በቀን ቁረጪ።

የመጀመሪያው ጥሩ መቁረጫ 1919–1920 ነው። የቬርሳይ ጉባኤ ጀርመን በሻንዶንግ የነበራትን መብት ለጃፓን አሳልፎ ሲሰጥ፣ የቤጂንግ ተማሪዎች ሜይ 4 ቀን 1919 አደባባይ ወጡ። በዚያው ዓመት ጁላይ 25 የሶቪየቱ ምክትል የውጭ ጉዳይ ኮሚሳር ሌቭ ካራኻን የዛር መንግሥት በቻይና ላይ የጫናቸውን ውሎች የሚሽር መግለጫ አወጣ። መግለጫው ቤጂንግ የደረሰው ግን በማርች 1920 ነው። ሌሎቹ ሲነጥቁ አንዱ «እመልሳለሁ» ሲል ምን ዓይነት አቀባበል እንደሚያገኝ መገመት አያቅትም፤ ጋዜጦቹም ማኅበራቱም በደስታ ተቀበሉት።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መግለጫው ሁለት ቅጂ አለው። ከኢርኩትስክ በቴሌግራም የተላለፈው የቻይና ምሥራቃዊ ባቡር (የዛር መንግሥት በማንቹሪያ የዘረጋው የባቡር መሥመር) ያለ ካሳ ይመለሳል ይላል፤ ሞስኮ ላይ በጋዜጣ የታተመው ይህ አንቀጽ የለውም፤ ሶቪየቶቹም በኋላ እንዲህ ያለ ቃል አልገባንም ብለው ካዱ። ባቡሩ በሜይ 31 ቀን 1924 ውል በጋራ አስተዳደር ሥር ሆነ፤ በ1929 ሁለቱ አገሮች ተዋጉበት፤ በ1935 ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ጃፓን ላቆመችው ለማንቹኩዎ ሸጠችው። የ1920ውን ደስታ ስትጽፊ ሰዎቹ ያነበቡት የትኛውን ቅጂ እንደሆነ ለይተሽ ካላስቀመጥሽ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ቅሬታ ምክንያት አልባ መስሎ ይታያል።

ሁለተኛው 1925–1926 ነው፤ ከታች ለመምህሩ በሰጠነው መልስ ላይ ታገኚዋለሽ። ሦስተኛው 1927 ነው፦ ኤፕሪል 6 ቤጂንግን የያዘው የጦር አበጋዝ የጃንግ ዙዎሊን ሰዎች በዚያው የሶቪየት ኤምባሲን ወረሩ፤ ኤፕሪል 12 የብሔርተኞቹ መሪ ቺያንግ ካይ-ሼክ ሻንጋይ ላይ በኮሚኒስቶች ላይ ዘመተ፤ በዓመቱ መጨረሻ እሱ ያቆመው የናንጂንግ መንግሥት ከሞስኮ ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጠ። እስከ ዲሴምበር 1932 አልታደሰም። አራተኛው 1931–1935 ነው፤ የጉዞ ማስታወሻና የመጽሔት ጽሑፍ በብዛት የሚገኘው ከዚህ ነው።

አንዱን ወቅት፣ አንድ መጽሔት ወይም ጋዜጣ፣ ሦስት ወይም አራት ጸሐፊ ይበቃሻል። ለእያንዳንዱ ጸሐፊ አንድ ካርድ አዘጋጂ፦ መቼ ገባ፣ ስንት ቀን ቆየ፣ በየት በኩል ሄደ፣ ሩሲያኛ ያውቃል ወይ፣ ማን ተቀበለው፣ ጽሑፉ የት ወጣ፣ በዚያ ወር ቻይና ውስጥ ምን እየሆነ ነበር። ካርዶቹን ጎን ለጎን ስትደረድሪያቸው ብዙ ነገር ይገለጣል። ቹ ቺዩባይ፦ ሩሲያኛ ቤጂንግ ላይ ተምሯል፤ የጋዜጣ ወኪል ነው፤ ሁለት ዓመት ገደማ ቆየ። ሁ ሺ፦ ሦስት ቀን፤ በባቡር ሲያልፍ። ሁ ዩጂ፦ ሰባት ቀን፤ ከፈረንሳይ ሲመለስ፤ የተቀበሉት የኤስፔራንቶ (ለዓለም አቀፍ መግባቢያ የተፈጠረ ቋንቋ) ተናጋሪዎች ናቸው። ሉ ሹን፦ ዜሮ ቀን። በ1930ዎቹ ከማንም በላይ ሶቪየት ኅብረትን የተከላከለው ደራሲ አገሩን ረግጦ አያውቅም። ይህ ጽሑፉን ዋጋ አያሳጣውም፤ የምትጠይቂው ጥያቄ ግን ይለወጣል።

ጥያቄ፦ በእኛ ጊዜ በውይይት ክበብ የሚታደለው ወረቀት የቻይና ምሁር ሁሉ የጥቅምትን አብዮት እልል ብሎ ተቀበለ ይል ነበር። እውን ተቃዋሚ አልነበረም? (ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከአራዳ)

መልስ፦ አባታችን፣ ወረቀቱ የነገረዎት ግማሹን ነው። የቤጂንግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሊ ዳጃው «የቦልሼቪዝም ድል» ብሎ መጻፉ እውነት ነው። ጽሑፉ የወጣበትን «አዲስ ወጣት» የተባለ መጽሔት የመሠረተው ቼን ዱሺዩም በ1921 የኮሚኒስት ፓርቲው የመጀመሪያ መሪ ሆነ። ወረቀቱ የዘለለው ግን የሁለቱን መጨረሻ ነው። ሊ ዳጃው ከላይ ከጠቀስነው የሶቪየት ኤምባሲ ወረራ በኋላ ኤፕሪል 28 ቀን 1927 ተሰቀለ። ቼን በ1929 ከፓርቲው ተባረረ፤ በ1942 ከመሞቱ በፊትም ስታሊን ላይ የሚታየው ግፍ የአንድ ሰው ጠባይ ሳይሆን ዴሞክራሲ የጎደለው ሥርዓት ያፈራው ነው ብሎ ጻፈ።

ተቃውሞው በደንብ የሚነበበው በ1925 ክርክር ነው። ገጣሚው ሹ ጂሞ በዚያ ዓመት ማርች ወደ አውሮፓ ሲጓዝ ሞስኮ ላይ አርፎ ነበር። ያመጣው ፍርድ ባጭሩ፦ ሰዎቹ ገነት መኖሯን ያምናሉ፤ በዚህ ዓለምና በገነቲቱ መካከል ግን መሻገር ያለበት የደም ባሕር አለ። በኦክቶበር የቤጂንጉ «ቼንባው» ጋዜጣ የሥነ ጽሑፍ ተጨማሪ ገጾች አዘጋጅ ሲሆን መድረኩን ለሁለቱም ወገን ከፈተ።

ኦክቶበር 6 ቼን ቺሺዩ የተባለ ምሁር ኢምፔሪያሊዝም የገንዘብ ካፒታል ልጅ ስለሆነ «ቀይ ኢምፔሪያሊዝም» የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም ሲል ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ጃንግ ሺሩዎ መለሰለት። የእሱ ነጥብ ከንድፈ ሐሳብ ወጥቶ ወደ ግቢ ይገባል፦ የምዕራብ ኢምፔሪያሊስቶች ሀብታችንን ይዘርፋሉ፣ እጅ እግራችንን ያስራሉ፤ ሶቪየት ግን ኅሊናችንን በገንዘብ ይገዛል። ያኔ የሞስኮ ገንዘብና አማካሪ የብሔርተኞቹ ፓርቲ መቀመጫ ወደነበረችው ወደ ጓንግጆው እየገባ ስለነበር ክሱ ባዶ ሜዳ ላይ የተሰነዘረ አልነበረም። ጠቡ ወረቀት ላይ አልቀረም፤ ኖቬምበር 29 ሰልፈኞች የጋዜጣውን ቢሮ አቃጠሉ።

በማግስቱ ዓመት ደግሞ ያልተጠበቀው መጣ። የቻይና ሊበራሎች ፊታውራሪ የሚባለው ሁ ሺ በጁላይ 1926 ወደ ለንደን ሲሄድ ሞስኮ ላይ ሦስት ቀን ቆየ፤ የአብዮቱን ሙዚየምና አንድ ወህኒ ቤት ጎበኘ፤ ሁለት አሜሪካውያን ፕሮፌሰሮችም አገኘ። ከዚያ ለወዳጁ ለጃንግ ዌይጺ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ታይቶ የማይታወቅ ታላቅ የፖለቲካ ሙከራ ነው፤ ሰዎቹ ዓላማ አላቸው፣ ዕቅድ አላቸው፣ ፍጹም እምነት አላቸው፤ እንደ እኛ ያለ ሰነፍ ሕዝብ ሊነቅፋቸው አይገባውም አለ። ሹ ጂሞ ደብዳቤዎቹን በጋዜጣው አትሞ ከሥራቸው ሞገተው፦ የሶቪየት ትምህርት የምትለው የፓርቲ ስብከት አይደለም ወይ?

እኛ በዚህ ሙግት ሹ ጂሞ አሸንፏል ባዮች ነን፤ ነገር ግን የሁ ሺን አነጋገር ልብ ብለው ይዩት። ግማሹ ስለ ሩሲያ አይደለም፤ የራሱን አገር ሰው መገሠጽ ነው። ሊ ዳጃው ይህን ሲያነብ ለወዳጆቹ «ሁ ሺ በሩሲያ በኩል እንዲመለስ ጻፉለት፤ በአሜሪካ በኩል ዞሮ እንዳይመጣ» ብሎ ነበር። ሁ ሺ የተመለሰው በአሜሪካ በኩል ነው። አድናቆቱ ግን ቶሎ አልጠፋም፤ ያኔ ስለ ሶሻሊዝም በጻፈው መጸጸቱን በአደባባይ የተናገረው በ1954 ነው።

ጥያቄ፦ እነዚህ ጎብኚዎች ረሃቡን አላዩም? ወይስ አይተው ደበቁት? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ሁለት ረሃብ አለ፤ አይቀላቀሉ። የመጀመሪያው የ1921–1922ቱ ነው፤ እሱን የደበቀው የለም። ቹ ቺዩባይ በኦክቶበር 1920 ከቤጂንግ ተነሥቶ፣ መንገዱ በጦርነት ስለተዘጋ ሐርቢን ላይ ከ50 ቀን በላይ ተገትሮ፣ ሞስኮ የገባው በጃንዋሪ 1921 ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉን «ወደ ረሃብ አገር ጉዞ» ብሎ ሰየመው። ርዕሱ ስድብ አይደለም። በቻይና ጥንታዊ ትረካ ቦዪና ሹቺ የተባሉ ወንድማማቾች የማይቀበሉትን መንግሥት እህል ከመብላት በረሃብ መሞትን መረጡ፤ ቹ ራሱን ከእነሱ ተርታ እያቆመ ነው። በሽተኛ ሳንባ ይዞ፣ ጥቁር ዳቦ እየበላ፣ የአናርኪስቱን የክሮፖትኪንን ቀብር ተመልክቷል፤ በኮሚንተርን (የዓለም ኮሚኒስት ፓርቲዎች ማኅበር) ጉባኤ ላይም ሌኒንን አግኝቷል። እንደ ጾምና ሱባኤ ችግሩን ራሱን የጽድቅ ምልክት አድርጎ ያየዋል፤ ለዚህም ነው በግልጽ የሚጽፈው።

ሁለተኛው የ1932–1933ቱ ነው፤ በዩክሬን፣ በሰሜን ካውካሰስና በካዛኽስታን ሚሊዮኖችን የጨረሰው። ይህን የቻይና ጎብኚዎች ጽሑፍ አይነግረንም ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። እንግዳው የሚገባው በሞስኮና በሌኒንግራድ ነው፤ የሚያርፈው ለውጭ ሰው በተለየ ሆቴል ነው፤ አስተርጓሚውና መርሐ ግብሩ ከአስተናጋጁ ይመጣሉ፤ ወደ ተራቡት መንደሮች የሚወስድ ፈቃድ የለም። በ1977 ዓ.ም. መስከረም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሲከበር የውጭ እንግዶቹ ወሎን እንዳላዩት ሁሉ።

ስለ ኑሮ ውድነት የጻፉትን ስታነቡ ደግሞ ሱቁን ጠይቁ። እስከ 1935 ዳቦ በራሽን ካርድ ነበር፤ ፋብሪካዎች ለሠራተኞቻቸው የተዘጋ ሱቅ ነበራቸው፤ ገበሬው የሚሸጥበት ገበያ ሌላ ዋጋ ነበረው፤ «ቶርግሲን» የሚባሉት መደብሮች ደግሞ ለወርቅና ለውጭ ምንዛሪ ብቻ ይሸጡ ነበር። አንድ ቅቤ በአራት ዋጋ! አንዱ ጸሐፊ «ሁሉ ርካሽ ነው»፣ ሌላው «እሳት ነው» ቢል ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

ሉ ሹን በ1932 ስለ ሰልፉ የሰጠው መልስ ለብቻው መነበብ አለበት። ለዕቃ ረጅም ሰልፍ መኖሩን አልካደም፤ አምናለሁ አለ። ምክንያቱን ግን እንዲህ አስቀመጠ፦ አገሩ በግንባታ ላይ ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ ተከቧል፤ በሌሎቹ አገሮችም ሥራ አጦች ተሰልፈው የሚሄዱት ወደ ረሃብና ብርድ ነው። በዓለም የኢኮኖሚ ድቀት መካከል ሻንጋይ ላይ ለተቀመጠ አንባቢ ይህ ጠንካራ ሙግት ነበር።

ጥያቄ፦ ኮሚኒስት ያልሆኑ የቻይና ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች የአምስት ዓመቱን ዕቅድ ለምን አደነቁ? (ሲቪል መሐንዲስ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ቀኖቹን ደርድሯቸው። ዕቅዱ የጀመረው በ1928 ነው። በ1929 የኒውዮርክ ገበያ ወደቀ። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1931 ጃፓን ማንቹሪያን መያዝ ጀመረች። የሁ ዩጂ የሞስኮ ማስታወሻና የ«ዳጎንግባው» ጋዜጠኛው የጻው ጉቢንግ የጉብኝት ዘገባ በመጽሐፍ የወጡት በዚያው በ1931 ነው። ካፒታሊዝም ሲያነክስ፣ አገር ሲወረር፣ «በጥቂት ዓመት ብረት አቅልጠን ቆምን» የሚል ጎረቤት መጣ። ሰዎቹ የፈለጉት ብረቱን ነው፤ የመደብ ትግሉን አይደለም። ዕቅድን ያደነቀ ሁሉ ግራ ዘመም ነው ብሎ መጻፍ በዚህ ርዕስ ላይ ከሚሠሩት ስሕተቶች ዋናው ነው።

ለዚህ ከዲንግ ዌንጂያንግ የተሻለ ምስክር የለም። ጂኦሎጂስት ነው፤ የቻይና የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት መሥራች። በ1933 ከዋሽንግተኑ ዓለም አቀፍ የጂኦሎጂ ጉባኤ ሲመለስ ሶቪየት ኅብረትን ጎበኘና ማስታወሻውን በሳምንታዊው «ዱሊ ፒንግሉን» መጽሔት ላይ በተከታታይ አወጣ። ከሶቪየት ኅብረት ሲወጣ ባቡር ውስጥ ራሱን ሁለት ጥያቄ ጠየቀ። የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ሠራተኛ ብሆን ይሻለኛል ወይስ የሶቪየት ምሁር? ያለ ማመንታት፦ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ሠራተኛ። ፓሪስ ላይ የተሰደደ «ነጭ ሩሲያዊ» (የቦልሼቪኮች ተቃዋሚ) ብሆን ይሻለኛል ወይስ የሶቪየት የጂኦሎጂ ባለሙያ? አሁንም ያለ ማመንታት፦ የሶቪየት የጂኦሎጂ ባለሙያ።

በሁለቱ መልሶች መካከል ተቃርኖ የለም። ነፃነት ካለ ነፃነትን ይመርጣል፤ ነፃነት ከሌለ ደግሞ ቢያንስ ሥራ ያለበትን። ቻይና የመጀመሪያው ምርጫ የላትም ብሎ ስላመነ፣ በ1934 መጨረሻ «አዲስ ዓይነት አምባገነንነት» እንዲመጣ ጠየቀ። አራት ቅድመ ሁኔታዎች አስቀመጠ፦ መሪው የአገርን ጥቅም የራሱ ጥቅም ያደረገ፣ ዘመናዊ መንግሥት ምን እንደሆነ በሚገባ የገባው፣ የአገሪቱን ባለሙያዎች ሁሉ ማሠራት የሚችል፣ በደረሰው አደጋ ሕዝቡን በአንድ ባንዲራ ሥር ማሰባሰብ የሚችል ይሁን። የታሪክ ምሁሩ ጂያንግ ቲንግፉ ደግሞ ከዓመት በፊት፣ አገሪቱ መጀመሪያ አንድ የምትሆነው በጠንካራ ክንድ ነው ብሎ ነበር፤ በኋላ በሞስኮ የቻይና አምባሳደር ሆነ። ሁ ሺ ሁለቱንም ተቃወመ፤ መልሱም ብልህ ነው፦ ዴሞክራሲ ጀማሪ ሕዝብ እየሠራ የሚማርበት የሕፃናት ትምህርት ነው፤ ዘመናዊ አምባገነንነት ግን እጅግ ብዙ ሊቃውንት ይፈልጋል፤ እነሱን ከየት ልታመጡ ነው? የዲንግ አራት ቅድመ ሁኔታዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ አራቱንም አሟልቶ የሚገኝን ሰው ማን እንደሚመርጠውና ሲያጠፋ ማን እንደሚያወርደው አልተናገረም።

ከወሬ ያለፈ ሥራም ነበር። በ1932 መጨረሻ የተቋቋመውና በጂኦሎጂስቱ ዌንግ ዌንሃው ጸሐፊነት የተመራው የመከላከያ ዕቅድ ኮሚሽን በ1935 የብሔራዊ ሀብት ኮሚሽን ተባለ፤ በ1936 የሦስት ዓመት የከባድ ኢንዱስትሪ ዕቅድ አወጣ። በማግስቱ ዓመት ጦርነቱ ገባ። ዲንግ ይህን አላየም፤ በ1935 መጨረሻ ለባቡር መሥመር ከሰል ሊያጠና ሁናን ሄዶ፣ ባደረበት ክፍል የከሰል ጭስ መረዘው፤ በጃንዋሪ 1936 ሞተ።

ጥያቄ፦ የእኛዎቹ የዘመኑ ምሁራን ጃፓንን ሞዴል ያደረጉትን ከዚህ ጋር ማወዳደር ይቻላል? (የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ከቆላ ድባ)

መልስ፦ ይቻላል፤ በልኩ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጓል፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው አይተው ጽፈዋል። አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በዛር ዘመን ሩሲያ የተማሩ መሆናቸው ነገሩን ያጣፍጠዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የእኛዎቹ የመንግሥት ሰዎች ነበሩ፤ ቻይናውያኑ ግን በአብዛኛው በጋዜጣ የሚነታረኩ የግል ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ የቻይናው ክርክር ተቃዋሚውንም አብሮ አስቀርቶልናል። ለክፍል ውይይት 1935ን ውሰዱ። በዚያ ዓመት ሞስኮ ባቡሩን ለማንቹኩዎ ሸጠች፤ ጄኔቫ ላይ ለኢትዮጵያ እየተከራከረችም ለጣሊያን ነዳጅ መሸጧን አላቆመችም። ተማሪዎቹ ራሳቸውን በቤጂንግ አንባቢ ቦታ አስቀምጠው ይጻፉ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው በካታሎግ ውስጥ በሁለት ስም ይገኛል፤ ቀኖቹም አይገጥሙም። ምን ይሻላል? (የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ በቻይና ስም ቀድሞ የሚመጣው የቤተሰቡ ነው፤ በእሱ መዝግቡ። በላቲን ፊደል የቆየውና አዲሱ አጻጻፍ ስለሚለያዩ በሁለቱም ፈልጉ፦ ዲንግ በድሮ መጻሕፍት «ቲንግ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጽፍም «ቪ. ኬ. ቲንግ» ብሎ ይፈርማል።

የቻይና ኅትመቶች የሪፐብሊኩን ዓመት ይጠቀማሉ፤ 1911 ደምሩበት፤ «15ኛ ዓመት» 1926 ነው። ወደ እኛ ለመመለስ ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር 10 ድረስ 8፣ ከዚያ በኋላ 7 ቀንሱ። ኦክቶበር 6 ቀን 1925 የወጣው የቼን ቺሺዩ ጽሑፍ መስከረም 26 ቀን 1918 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሁ ሺ ሞስኮ የገባበት ጁላይ 1926ም ያው 1918 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ በካርዱ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ። የመጽሔቱ ሽፋን ላይ ያለውንም ቀን ሙሉ በሙሉ አትመኑ። የሊ ዳጃው ጽሑፍ ያለበት የ«አዲስ ወጣት» እትም ኖቬምበር 1918 ይላል፤ ከማተሚያ ቤት የወጣው ግን በጃንዋሪ 1919 ነው።